የጤና መረጃ ለማን ይደርሳል? ወሎ ሰፈርን ይዘን

የዛሬው የጤና ትምህርታችን ስለ አንድ በሽታ አይደለም፤ ስለ መረጃ ነው። በሕዝብ ገንዘብ ተዘጋጅቶ፣ ለሁሉም ይድረስ ተብሎ የወጣ የጤና መረጃ የት ይገኛል? ከመካከላችንስ እነማን ጋ ሳይደርስ ይቀራል? ሁለቱን ጥያቄዎች ነጣጥዬ ማየት አልፈለግሁም። መረጃው የሚገኝበትን ቦታ ብቻ ነግሬአችሁ ብሄድ፣ ድሮም የሚያገኙት ሰዎች ደግመው ያገኙታል፤ የማያገኙት ባሉበት ይቀራሉ።

የአዲስ አበባውን ወሎ ሰፈር ይዘን እንነጋገር። ከቦሌ መንገድ ተነስቶ ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና ጎዳና ግራና ቀኙ ፎቅ ነው፤ ባንክ፣ ሆቴል፣ የቢሮ ሕንፃ። ከፎቁ ጀርባ ሰፈሩ አለ፤ የግል ግቢ፣ የቀበሌ ቤት፣ እየተሠራ ያለ ሕንፃ። በየቤቱና በየሕንፃው ስማቸው በሰፈሩ ዕድር መዝገብ ላይ የሌለ ሰዎች ይኖራሉ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከሲዳማ ወይም ከከምባታ የመጣች የቤት ሠራተኛ፣ ሕንፃው ሥር በቆርቆሮ ክፍል የሚያድር ጥበቃ፣ ለአርማታ ሥራ በቀን የሚቀጠር ጎረምሳ፣ መስማት የተሳነው ልብስ ሰፊ፣ ከጎረቤት አገር ተሰዶ የመጣ ቤተሰብ።

በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ በአዲስ አበባ 2.7 ሚሊዮን ያህል ሰው መዝግቧል። ከመቶው ነዋሪ 71ዱ አፉን የፈታው በአማርኛ ነው። ወደ 11 የሚጠጋው በኦሮምኛ፣ ከ8 በላይ የሚሆነው በጉራጊኛ፣ ወደ 4 የሚጠጋው በትግርኛ፣ ቀሪው በስልጢኛ፣ በጋሞኛና በሌሎች ቋንቋዎች አፉን ፈትቷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም፤ ከተማዋ ግን በየዓመቱ ከየክልሉ ሰው ስትቀበል ኖራለች። እንግዲህ በዚያን ጊዜ እንኳ ከአሥር የአዲስ አበባ ሰው ሦስት የሚጠጋው በእናቱ ቤት የተናገረው ሌላ ቋንቋ ነበር። አብዛኞቹ አማርኛ ይችላሉ፣ እውነት ነው። ለገበያ፣ ለታክሲ፣ ለሥራ የሚበቃ አማርኛ ይችላሉ። ሐኪም ፊት ቀርቦ «ሲያቃጥለኝ ቆይቶ ይወጋኛል፤ ሌሊት ይብስብኛል» ብሎ ሕመምን ለይቶ ለመናገር የሚበቃ አማርኛ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቁጥሩ ያነሰ የኅብረተሰብ ክፍል ስንል ብዙዎቻችን የምናስበው ትንሽ ብሔረሰብ ነው። ከተማ ውስጥ ነገሩ ይለያል። ሐዋሳ ዙሪያ ያደገች የሲዳማ ልጅ በትውልድ ቀዬዋ ሁሉም ሰው የእሷን ቋንቋ ይናገራል፤ ጤና ኬላው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ገበያው የእሷ ነው። ወሎ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ስትቀጠር ግን በዚያ ግቢ እሷን የመሰለ ማንም የለም። ብቻዋን ናት። ብቻነቷ ደግሞ ጤናዋን ይነካል።

እስቲ አንድ ነገር ቀረብ ብለን እንመልከት። የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር በ1995 ዓ.ም. በገጠር ተጀምሮ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ለከተማው የተመደቡት በነርስነት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ናቸው። ቤት ለቤት እየዞሩ ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና ክትትል፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ደም ግፊትና ስኳር ያስተምራሉ፤ የታመመውን ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። ነጭ ጋዋን የለበሰች አንዲት ባለሙያ በሥራ ቀን ጠዋት የአንድ ግቢ በር አንኳኳች እንበል። በሩን የምትከፍተው ማን ናት? የቤት ሠራተኛዋ።

«እንደምን አደርሽ። ሰው የለም እንዴ?»

«የሉም። ሥራ ሄደዋል።»

«ማታ ስንት ሰዓት ይገባሉ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት።»

«እሺ፣ ከጤና ጣቢያ መጥተው ነበር በያቸው።»

ባለሙያዋ ወደሚቀጥለው በር ታልፋለች። ብዙ ቤት ይጠብቃታል፤ አልወቅሳትም። ነገር ግን «ሰው የለም እንዴ?» ተብላ «የሉም» ያለችው ልጅ ራሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዕድሜዋ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። ከቤተሰቧ ከተለየች ወዲህ ስለ ወር አበባ የነገራት የለም። ክትባት መውሰድ አለመውሰዷን የጠየቃት የለም። ቀን ቀን ቤት በምትገኝበት ሰዓት የምትመጣው የጤና ባለሙያ ይህችው ናት፤ እሷም የመጣችው ለእትዬ ነው።

ክትባቱን እንውሰድ፤ ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያልና። የማህፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ በብዛት ከሚታዩ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኤች ፒ ቪ ከሚባል ቫይረስ ሲሆን፣ መከላከያው ክትባት በ2011 ዓ.ም. 14 ዓመት ለሞላቸው ልጃገረዶች በዘመቻ መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትን ሁሉ እንዲያካትት ተደርጎ በአንድ መርፌ ተሰጠ። ትልቅ ሥራ ነው። ዘመቻው በዋናነት የሚካሄደው በትምህርት ቤት ነው፤ ልጃገረዶች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነውና አሠራሩ ትክክል ነው። ከትምህርት ቤት ውጭ ላሉት ደግሞ ጤና ጣቢያው ክፍት ነው። ነገር ግን ሰው ቤት የምትሠራ የ13 ዓመት ልጅ ጤና ጣቢያው ለእሷ ክፍት መሆኑን ከማን ትሰማለች? ማስታወቂያው ለወላጆች «ልጆቻችሁን አስከትቡ» ይላል። ወላጆቿ ዳውሮ ናቸው። አሠሪዋ ደግሞ «ልጆቻችሁን» ሲባል የሚያስቡት የወለዷቸውን ነው። እንዲህ ሆኖ በአንድ ጣሪያ ሥር አንዷ ልጅ ትከተባለች፣ እኩያዋ ትቀራለች። አስከፊው ነገር ሕመሙ የሚታየው ከብዙ ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው፤ ያን ጊዜ ወሎ ሰፈር መኖሯን የሚያስታውስ አይኖርም።

አሁን ወደ ጤና ጣቢያው እንግባ። ካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። ግድግዳው ላይ የጡት ማጥባት፣ የእጅ መታጠብ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምልክቶች ተለጥፈዋል። ጽሑፉ አማርኛ ነው። ማንበብ ለሚችልና አማርኛ ለሚያውቅ ጥሩ ትምህርት ነው። ከፖስተሩ ሥር የተቀመጠችው ልጅ ግን ሥዕሉን ብቻ ታያለች። ተራዋ ደርሶ ስትገባ አሠሪዋ አብረው ይገባሉ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ሥራ ትተው ይዘዋት መጥተዋል። ነርሷ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ስትል መልሱን የሚሰጡት እሳቸው ናቸው፤ «ሆዷን ነው፣ ሁለት ቀን ሆናት።» ነርሷ ቀጥላ «የወር አበባሽ መጨረሻ የመጣው መቼ ነው?» ትላለች። ልጅቱ መሬት መሬት ታያለች። እንጀራዋን የሚሰጧት ሰው አጠገቧ ቆመው ምን ትበል?

ለዚህ መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ባለሙያዋ «እስቲ እርስዎ ውጭ ይጠብቁን» ብትል በቂ ነው። የሕመምተኛ ምስጢር መጠበቅ የሙያው ግዴታ ነው፤ ምስጢሩ የሚጠበቀው ደግሞ ከጎረቤት ብቻ ሳይሆን ካሠሪም ጭምር ነው። አሠሪዎች ይህን እንደ ስድብ አትዩት። ለልጅቱም አንድ ነገር ልንገራት፣ ምናልባት ሬዲዮው ማድ ቤት ተከፍቶ ከሆነ፦ «ብቻዬን ላናግርሽ እፈልጋለሁ» ማለት ትችያለሽ። በዚህ አጭር ዐረፍተ ነገር ማንም አይቆጣሽም። ያለ ፈቃድሽም የኤች አይ ቪ ምርመራ አይደረግልሽም፤ ስትመረመሪም ውጤቱ የሚነገረው ላንቺ ነው፣ ላሠሪሽ አይደለም።

ኤች አይ ቪን ካነሳን አይቀር፣ የጤና መረጃ ቁጥራቸው ላነሰና ለተገለሉ ሰዎች እንዴት እንደሚደርስ ይህች ከተማ አንዴ አሳይታለች፤ እሱን ላስታውሳችሁ። ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ያለው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2003 መስጠት ከጀመሩት ቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። በመጀመሪያ መድኃኒቱ በክፍያ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በነፃ መሰጠት ተጀመረ። ያን ጊዜ ትልቁ እንቅፋት የመድኃኒት እጥረት ብቻ አልነበረም። ሰው ራሱን ደብቋል፣ ቤት አከራይ ያስወጣል፣ ዕድር ይሸሻል። መረጃውን ከቤት ወደ ቤት ያደረሱት እነማን ናቸው? መቅድምና ተስፋ ጎህ የተባሉት፣ ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማኅበራት ናቸው። በአደባባይ ቆመው «እኔ ከቫይረሱ ጋር እኖራለሁ» ያሉ ሰዎች። ከእነሱ ጋር 952 በሚባለው የነፃ ስልክ መስመር፣ ስሙን ሳይናገር ማንኛውም ሰው ደውሎ መጠየቅ ቻለ። የሚያፍረው፣ የሚፈራው፣ ሰው የማያውቀው ሁሉ ጠየቀ። ያኔ መረጃው ሰዎቹ ወዳሉበት ሄደ፤ የሚናገረውም ከመካከላቸው የሆነ ሰው ነበር። ዛሬ ለቤት ሠራተኞች፣ ለቀን ሠራተኞች፣ መስማት ለተሳናቸው ይህንኑ መንገድ መከተል የሚያቅተን አይመስለኝም።

እሺ፣ መረጃው የት ነው? የሚቀርባችሁ የወረዳችሁ ጤና ጣቢያ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ የሚመደቡት ከዚያ ነው፤ የሰፈራችሁ ባለሙያ ማን እንደሆነች ጠይቁ፣ ስልኳን ያዙ። የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የእርግዝና ክትትልና በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ሕክምና፣ የኤች አይ ቪ ምርመራና መድኃኒት በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያለ ክፍያ የሚሰጡ አገልግሎቶች ናቸው። ይህን ከዚህ በፊት ሰምታችሁት ይሆናል፤ ጥበቃው ሰምቶ እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደላችሁም። ሁለት ሳምንት ሙሉ እያሳለው «ለሐኪም የሚከፈል የለኝም» ብሎ የተቀመጠ ሰው ካወቃችሁ፣ የአክታ ምርመራው በነፃ መሆኑን ዛሬውኑ ንገሩት።

ስልክ የሚሻላችሁ ደግሞ 952 አለ። ኮቪድ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. አገራችን ሲገባ ከ8335 ጋር ሆኖ የሕዝብ ጥያቄ መቀበያ የነበረው ይህ መስመር ነው። ለአምቡላንስ የቀይ መስቀል 907፣ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ስለተጠራጠራችሁት መድኃኒት ወይም ምግብ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482 ላይ ማሳወቅ ይቻላል። እነዚህን ቁጥሮች ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉ ከማለት ይልቅ የቤት ሠራተኛችሁ ስልክ ላይ መዝግቡላት እላለሁ። እናንተ ቢሮ እያላችሁ ሕፃኑ የታመመ እንደሆነ የምትደውለው እሷ ናት። እሷ የታመመች እንደሆነም እንዲሁ።

ቁጥር ለምትፈልጉ፣ ለተማሪዎች፣ ለዕድርና ለማኅበር መሪዎች፣ ለጋዜጠኞች ትልቁ ምንጭ በየተወሰነ ዓመት የሚካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ሪፖርቱን ማንም ሰው ያለ ክፍያ ማግኘት ይችላል። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደውን ብትገልጡ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ ያጠናቀቁት በአገር ደረጃ ከመቶ 39 ነበሩ። በአፋር ከመቶ 15። በአዲስ አበባ ከመቶ 89። ይህ ልዩነት ሊያሳዝነን ይገባል፤ የአፋር አርብቶ አደር እናት ልጇን የምትወደው የቦሌዋን እናት ያህል ነው። የጤና ኬላው ርቀት፣ የመንገዱ ነገር፣ ከብት ተከትሎ መንቀሳቀስና የቋንቋው ጉዳይ ናቸው ልዩነቱን ያመጡት። ጤና ሚኒስቴር ለአፋር፣ ለሶማሌ፣ ለጋምቤላና ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ልዩ ድጋፍ የሚል አሠራር የዘረጋውም ይህንኑ አይቶ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን 89 የሚለው ቁጥር ነው። አዲስ አበባን ስናይ «እዚህ ተሳክቷል» ብለን ሪፖርቱን እንዘጋለን። ከመቶ 11ዱስ የማን ልጆች ናቸው? ሪፖርቱ አዲስ አበባን እንደ አንድ ነው የሚያያት፤ ወሎ ሰፈርን፣ ካዛንቺስን፣ ቦሌ ሚካኤልን ለይቶ አይነግረንም። ከዚህም በላይ ጥናቱ የሚካሄደው ቤት ለቤት ነው። ጎዳና ላይ የምታድር እናት ቤት የላትምና ጠያቂው አያገኛትም። ልጇ ከ89ኙም ከ11ዱም ውስጥ የለም። አማካይ ቁጥር ጥሩ በሆነበት ከተማ ተደብቆ የሚቀር ሰው፣ መጥፎ በሆነበት ክልል ካለው ሰው ይልቅ ይረሳል፤ በዚያኛው ቢያንስ ችግሩ እንዳለ ሁሉም ያውቃል።

ስለዚህ የሰፈራችንን ቁጥር መጠየቅ ያስፈልጋል። መጠየቅ ደግሞ መብት ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት እጅ ያለ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጥያቄው ለመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ይቀርባል፤ ምላሽ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። መጻፍ የማይችል ወይም አካል ጉዳት ያለበት ሰው በቃሉ ጠይቆ ኃላፊው በጽሑፍ ሊያሰፍርለት ይገባል። ይህችን ክፍል ሕግ አውጪዎቹ ስላስቀመጧት አመሰግናቸዋለሁ፤ የሚጽፈውንና የማይጽፈውን ሰው እኩል አድርጋለችና። መልስ የተከለከለ ሰው አቤቱታውን እስከ እንባ ጠባቂ ተቋም ድረስ ማቅረብ ይችላል።

ምን ትጠይቁ? በወረዳችን ስንት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለ? ባለፈው ዘመቻ ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉ ስንት ልጃገረዶች ተከተቡ? በጤና ጣቢያችን ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ወላይትኛ የሚናገር ባለሙያ ማን ነው፣ በየትኛው ቀንስ ይገኛል? የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም. ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ ከአማርኛ ጋር ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማሊኛና አፋርኛ የፌዴራል መንግሥት የሥራ ቋንቋ እንዲሆኑ ታስቧል። የቋንቋው ጥያቄ ቀላል ይመስላል እንጂ ብዙ ያመጣል። ከነርሶቹ፣ ከላቦራቶሪው፣ ከጽዳት ሠራተኞቹ መካከል እነዚህን ቋንቋዎች የሚናገር አይጠፋም፤ ስሙ በር ላይ ስላልተለጠፈ ብቻ ማንም አያውቀውም።

ይህ የማይሆን ሕልም የሚመስለው ካለ ዋሽንግተን ዲሲ ያለች እህቱን ይጠይቅ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1985 የጤና ሚኒስትሯ ማርጋሬት ሄክለር ያወጡት ሪፖርት፣ ጥቁሮችና ሌሎች ቁጥራቸው ያነሰ ሕዝቦች የነጮቹን ያህል ጤና ቢኖራቸው ኖሮ በየዓመቱ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ሞት ይቀር እንደነበር አሳየ። በማግስቱ ዓመት በጤና ሚኒስቴሩ ሥር ጉዳዩን ብቻ የሚከታተል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። የዋሽንግተን ከተማ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣችው ሕግ መሥሪያ ቤቶቿ እንግሊዝኛ ለማይችል ነዋሪ አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ፣ ዋና ዋና ሰነዶቻቸውንም በነዋሪው ቋንቋ እንዲተረጉሙ ግዴታ ጣለች። ከእነዚያ ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍትም ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ክትባት በአማርኛ የተጻፈ መረጃ ያቀርባል። በእስራኤልም ጤና ብሪዑት የተባለ ድርጅት ከኢትዮጵያ ለሄዱት ወገኖቻችን በራሳቸው ቋንቋና ባህል ስለ ስኳር በሽታ ሲያስተምር ቆይቷል፤ ከገጠር ሕይወት ወጥተው የአኗኗራቸው ለውጥ በሽታውን ይዞ መጥቶባቸዋልና።

እዚያ ቁጥራችን ያነሰው እኛ ነን። አንዲት የወሎ ሰፈር እናት ልጇን ለመጠየቅ ዋሽንግተን ሄዳ ብትታመም፣ አስተርጓሚ ስትጠይቅ የሚያፍርባት የለም፤ ሕግ ከጎኗ ነው። በዚያችው እናት ቤት የምትሠራ የጋሞ ልጅ እዚህ ቂርቆስ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ብትጠይቅ «አማርኛ ልመጂ» የሚላት እንዳይኖር እፈልጋለሁ።

መስማት የተሳናቸውን ሳላነሳ ብቀር ጥፋት ነው። ጤና ጣቢያ ውስጥ ተራ የሚጠራው በድምፅ ነው። ስሙ ሦስት ጊዜ ተጠርቶ «የለም» ተብሎ ካርዱ ወደ ታች ይገባል፤ ሰውየው ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። የነገርኳችሁ የነፃ ስልክ መስመር ለእሱ ምንም አይፈይደውም፤ ይህ ዝግጅትም ለእሱ አልደረሰም። «ይጻፍለት» የሚሉ አሉ፤ ጽሑፉ ግን ለብዙዎቹ ሁለተኛ ቋንቋ ነው፣ የመጀመሪያው የምልክት ቋንቋ ነው። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፤ ስምምነቱ ጤናን ያለ አድልዎ ማግኘትን ይጨምራል። አስተርጓሚ እስኪሟላ ድረስ ካርድ ክፍሉ «መስማት የተሳነው» የሚል ምልክት ካርዱ ላይ ቢያደርግና ተረኛው ነርስ ወጥቶ ትከሻውን ነካ ቢያደርገው ሰውየው ተራውን አያጣም። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ለሚፈልግ ቤተሰብ የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር ጋ መጠየቅ መልካም ነው።

ስለ ስደተኞች በአጭሩ ልናገር። ቦሌ ሚካኤል ሶማሊኛ በሰፊው የሚሰማበት ሰፈር መሆኑን ታውቃላችሁ፤ የኤርትራና የየመን ስደተኞችም በከተማዋ አሉ። የስደተኞች ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ዕውቅና ያገኘ ስደተኛና ጥገኝነት ጠያቂ በአገሪቱ ያለውን የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ጎረቤታችሁ «እኔ መታወቂያ የለኝም፣ ጤና ጣቢያ አልሄድም» የሚል ከሆነ ይህን ንገሩት።

የመታወቂያው ነገር ለራሳችንም ሰው ችግር ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚመዘገበው በወረዳ ነው፤ መክፈል ለማይችሉ ቤተሰቦች መዋጮውን መንግሥት ይሸፍናል። ለዚህ ግን በወረዳው ነዋሪነት መታወቅ ያስፈልጋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሲነሳ ብዙ ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዷል። ዕቃው ተጭኖ ሲሄድ የጤና ካርዱ የድሮው ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ቀርቷል። ዘንድሮም ከቂርቆስ የምትነሱ ካላችሁ አደራ፦ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ነው፤ ቢያቋርጥ ተህዋሲው መድኃኒቱን ይለምዳል። ከመሄዳችሁ በፊት ወደ አዲሱ ጤና ጣቢያ የዝውውር ወረቀት አጽፉ። የፀረ ኤች አይ ቪ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱም እንዲሁ። የሕፃኑን የክትባት ካርድ ከልብሱ ጋር ሻንጣ ውስጥ አትቅበሩት፣ እጃችሁ ላይ ያዙት። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው፤ በቤት ለውጥ ግርግር በብዛት የምትረሳው ሁለተኛዋ ናት። አብራችሁ ያልሄደች የቤት ሠራተኛ ካለችም አዲስ ሥራ ይዛ የትም ብትገባ ካርዷን አውጥታ ትሂድ።

የነገ ሥራ ልስጣችሁና ላብቃ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የቤታችሁን ሰዎች የምትመዘግብበት የቤተሰብ ማኅደር አላት። አባት፣ እናት፣ ልጆች ተብሎ ይሞላል። የቤት ሠራተኛችሁ፣ ጥበቃችሁ፣ እናንተ ጋ ተጠግቶ የሚማረው የአክስት ልጅ እዚያ ላይ መኖራቸውን ጠይቁ። ከሌሉ አስመዝግቡ፤ ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የወሰዱትን ክትባት፣ አፋቸውን የፈቱበትን ቋንቋ ጭምር። በሥራ ቀን ቤት የምትውለው የቤት ሠራተኛችሁ ከሆነች፣ ባለሙያዋ በመጣች ቁጥር እሷን አስቀምጣ እንድታስተምራት ለባለሙያዋም ለልጅቱም ንገሩ። ግማሽ ሰዓት ቢወስድ ነው፤ ወጡ ትንሽ ይቆይ።

ጥያቄያችሁን በተለመደው የዝግጅታችን ስልክ ላኩልን። በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በወላይትኛ ወይም በምትችሉት ቋንቋ ብትልኩም አስተርጉመን እንመልሳለን።